ጄሪካንና የተሰበረ ወንበር አብረው ቀልጠው ለምን አይዋሃዱም?

ፈጭ ቤት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ መፍጫና አንድ ኢንጀክሽን ማሽን (የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ፎርማ የሚገፋ) አለን። ከምን አለሽ ተራና ከቆራሌዎች የምንገዛውን አጥበን፣ ፈጭተን፣ በርጩማና ሳፋ እንሠራለን። ቢጫ የዘይት ጄሪካን ብቻውን ሲቀልጥ የሚወጣው ዕቃ ምንም አይወጣለትም። የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበርም ብቻውን ጥሩ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ጣጣ ነው። ከፎርማው ሲወጣ ያምራል፣ ቀለሙም አንድ ወጥ ነው፣ ሰው ሲቀመጥበት ግን የበርጩማው እግር ከሥሩ ይነቀላል። የተሰበረውን ፊት በጥፍር ስትነካው ደግሞ ንብርብር ሆኖ ይላጣል። ደንበኛ ዕቃ ይዞ ሲመለስ ምን እንደሚሰማ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ሙቀት ጨመርን። በርሜሉ ውስጥ ረዘም አድርገን አቆየነው። ለውጥ የለም፣ እንዲያውም ባሰበት። ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፣ ሁለቱም ይቀልጣሉ፣ ሁለቱም ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ታዲያ ለምንድነው የማይዋሃዱት? የሚጨመርበት ነገርስ የለም?

ሰንሰለት

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ የምትቀላቅላቸውን እንለይ። ጄሪካኑ ጥግግቱ ከፍ ያለው ፖሊኤትሊን ነው፤ ከሥሩ ካለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ታገኛለህ። ወንበሩ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፕሊን ነው፣ ቁጥሩ 5። ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ናቸው። ፖሊፕሮፕሊን በሰንሰለቱ ላይ አንድ ካርቦን እየዘለለ ትንሽ የጎን ቅርንጫፍ አለው፣ ልዩነታቸው ይኸው ነው። ሰው ሲያያቸው ይዋሃዳሉ ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

የማይዋሃዱት ሞለኪውሎቻቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ስለሆኑ ነው። ሁለት ፈሳሾች እንዲቀላቀሉ ከሚገፋፉ ነገሮች ዋናው ሞለኪውሎቹ ሲደባለቁ የሚያገኙት የመደርደር ነፃነት ነው፤ ኢንትሮፒ የምንለው። ቀይና ነጭ ዶቃ ሳህን ላይ በትነህ ብታምሰው የሚደረደርበት መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም። ያንኑ ዶቃ ሺህ ሺህ አድርገህ ክር ላይ ከሰካኸው ግን አንዷ ዶቃ ያለ ጎረቤቶቿ የትም አትሄድም። ነፃነቱ ለርዝመቱ ተካፍሎ ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ያለው አለመስማማት ግን አይካፈልም። እያንዳንዷ ቁራጭ ከባዕድ ጎረቤት ጋር ስትሆን የምትከፍላት ትንሽ ዋጋ በሰንሰለቱ ርዝመት ልክ ትደመራለች።

ይህን በሒሳብ ያስቀመጡት ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሃጊንስ ናቸው፣ ለየብቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ። ፍሎሪ በ1974 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። በቀመራቸው ውስጥ ካይ የምትባል ቁጥር አለች፤ አንድ የዚህ ቁራጭና አንድ የዚያ ቁራጭ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ያህል እንደማይመቻቸው ትለካለች። ለአጫጭር ሞለኪውሎች ካይ እስከ 2 ብትደርስም በየትኛውም መጠን ይዋሃዳሉ። እኩል ርዝመት ላላቸው ፖሊመሮች፣ ማለትም ለረጃጅም ሰንሰለቶች፣ ግን ወሰኑ 2 ሲካፈል ለርዝመቱ ነው። 1000 ቁራጭ ያለው ሰንሰለት ከሆነ ወሰኑ 0.002 ሆነ ማለት ነው። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፕሊን ይህን ወሰን አልፈው ይሄዳሉ፣ ያውም የፋብሪካ ሰንሰለቶች ከ1000 ቁራጭ በላይ ናቸው።

የኮምቦልቻ ልጅ

ሰንሰለት አመሰግናለሁ፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሁለቱም ካርቦንና ሃይድሮጅን ከሆኑ ምኑ ነው የሚያጣላቸው? ውሃና ዘይት ቢሆን ይገባኛል።

ሰንሰለት

የኮምቦልቻ ልጅ፣ የሚያጣላቸው ነገር መኖር የለበትም እኮ። እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች የሚሳሳቡበት ደካማ ኃይል ባሕርይ አለው፤ በአማካይ ሲታይ የራስ ከራስ መሳሳብ ከባዕድ ጋር ካለው መሳሳብ ትንሽ ይበልጣል። የጎን ቅርንጫፉ ደግሞ ቁራጮቹ የሚጠጋጉበትን ሁኔታ ይለውጣል። ልዩነቷ ኢምንት ናት፣ ለረጅም ሰንሰለት ግን ትበቃለች።

ምን ያህል ኢምንት ልዩነት እንደሚበቃ ለማየት አንድ የሚገርም ሙከራ ልንገርህ። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ፍራንክ ቤትስና ባልደረቦቹ አንድ ዓይነት ፖሊመር ወስደው የአንዱን ሃይድሮጅን በዲውተሪየም ተኩት። ዲውተሪየም ያው ሃይድሮጅን ነው፣ ኒውትሮን ተጨምሮበት ከበድ ያለ። ኬሚስትሪው አንድ ነው። ሰንሰለቶቹ በቂ ርዝመት ሲኖራቸው ግን ሁለቱ ተለያዩ! ፖሊመሩ ከገዛ ራሱ ጋር አልዋሃድ አለ ማለት ይቻላል። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ከአኽን

ሰላም ከጀርመን። ፕላስቲክ ማቀነባበር ላይ ነው የምሠራው፣ ስለ ሙቀቱ ልመልስ።

ፈጭ ቤት፣ «ሙቀት ብጨምር ይዋሃዳል» የሚለው ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ብዙ ፈሳሾች ሲሞቁ ይበልጥ ይዋሃዳሉ፣ ካይ ሙቀት ሲጨምር የምትቀንስባቸው ፖሊመሮችም አሉ። ችግሩ ለእነዚህ ሁለቱ የሚያስፈልገው ሙቀት ሰንሰለቱን ራሱን የሚቆራርጥ መሆኑ ነው። ፖሊፕሮፕሊን በተለይ ይጎዳል፤ ሲበዛበት ሰንሰለቱ ያጥራል፣ ዕቃው ይሰባበራል። ስለዚህ አለመዋሃዱ ሳይፈታ ሌላ ጉዳት ጨመርክበት ማለት ነው።

ደግሞ ተቃራኒው አለ። ፖሊስታይሪንና ፖሊቪኒል ሜትል ኢተር የሚባል ሌላ ፖሊመር በክፍል ሙቀት ሙሉ በሙሉ ይዋሃዳሉ፣ ብርጭቆ የመሰለ ጥርት ያለ ነገር ይሆናሉ። ስታሞቃቸው ግን ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ቦታ ላይ፣ ትክክለኛው ቦታ እንደ ሰንሰለቱ ርዝመትና እንደ መጠኑ ይለያያል፣ ድንገት ነጭ ሆነው ይለያያሉ። ይህ በፖሊመር ዓለም ብርቅ አይደለም። አዋህዶ ያቆያቸው ስስ የሆነ መሳሳብ ሙቀት ሲነካው ይላላል፣ ሁለቱም ሲሞቁ በእኩል መጠን ስለማይሰፉ አብሮ መቀመጥ ይከብዳቸዋል።

«ባሰበት» ያልከውም ምክንያት አለው። በርሜሉ ውስጥ ብሎኑ ሲያሽከረክረው አንዱ በሌላው ውስጥ በጥቃቅን ጠብታ ይበተናል። ብሎኑ ሲቆምና ቅልጡ ዝም ብሎ ሲቆይ ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፣ ይዋጣሉ፣ ይተልቃሉ። ጠብታው በተለቀ ቁጥር ዕቃው ይደክማል። በርሜል ውስጥ ማቆየት የሚጎዳህ ለዚህ ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ

ግን የሚዋሃዱ ፕላስቲኮችስ የሉም? የድሮ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ላይ ኖሪል የሚል አይቻለሁ፣ ሁለት ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህር በጡረታ

ልጆች፣ ደስ የሚል ውይይት ነው። ኖሪልን ስላነሳኸው እኔ ልቀጥል።

ኖሪል ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1960ዎቹ ገበያ ያወጣው ድብልቅ ነው። አንዱ ፖሊስታይሪን፣ ሌላው ፖሊፊኒሊን ኦክሳይድ። እነዚህ በፈለጉት መጠን ቢቀላቀሉ ይዋሃዳሉ። ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፖሊፊኒሊን ኦክሳይድ ደግሞ 210 አካባቢ። ባይዋሃዱ ኖሮ ድብልቁ ሲሞቅ ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱም ቦታ ሲለሰልስ በመሣሪያ ይታይ ነበር። የሚታየው ግን አንድ ብቻ ነው፣ በመካከል። መጠናቸውን ስትለውጥ ያ ነጥብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ፋብሪካው የሚጠቀመውም በዚህ ነው፤ ለቀፎው የሚፈለገውን ሙቀት መቋቋሚያ በመጠን ይመርጣል። የሚያዋህዳቸው በሁለቱ ሰንሰለቶች ላይ ባሉት የካርቦን ቀለበቶች መካከል ያለው ጥሩ መሳሳብ ነው፤ ካይ ከዜሮ በታች ትወርዳለች። ያን ጊዜ ርዝመቱ ጠላት መሆኑ ይቀራል።

አሁን እኔ ከሁሉም የምወደውን ልንገራችሁ። ፖሊስታይሪን ፕሌክሲግላስ ከሚባለው መስታወት መሳይ ፕላስቲክ ጋር አይዋሃድም። ፖሊአክሪሎናይትራይልም ከፕሌክሲግላስ ጋር አይዋሃድም። ስታይሪንና አክሪሎናይትራይልን አንድ ሰንሰለት ላይ በዘፈቀደ አፈራርቀህ ብትሠራ ግን፣ መጠኑ በተወሰነ ክልል ውስጥ እስከሆነ ድረስ፣ ያ ሰንሰለት ከፕሌክሲግላስ ጋር ይዋሃዳል! ማንም ማንንም አልወደደም። ነገሩ ስታይሪንና አክሪሎናይትራይል እርስ በርስ እጅግ ስለማይስማሙ ነው። በመካከላቸው ሦስተኛ ሲገባ ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ይቀንስላቸዋል፣ ጠቅላላው ዋጋም ይወርዳል። በ1983 ገደማ ተን ብሪንክ፣ ካራስና ማክናይት በቀመር አስቀምጠውታል። ለእኔ ፖሊመር ላይ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ያማረው ይህ ነው፣ ተማሪዎቼም ሲገባቸው ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ።

ቀለም ነጋዴ

ፈጭ ቤት፣ ለምን ታደክማላችሁ? ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊፕሮፕሊን የሚባል ማጣበቂያ አለ። ከውጭ ይመጣል፣ በትንሹ ጨምርበት፣ ይያያዛል። እኔ የማውቃቸው ተጠቅመው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል።

ከአኽን

ቀለም ነጋዴ፣ ያወቅካቸው ሰዎች ከናይለን ጋር ወይም ከመስታወት ክር ጋር ተጠቅመውት ይሆናል፣ እዚያ በእርግጥ ይሠራል። ማሌይክ አንሃይድራይድ የናይለንን የሰንሰለት ጫፍ ያገኘዋል፣ ይያያዛል፣ ሁለቱ ድንበር ላይ የተሰፉ ያህል ይሆናሉ። ፖሊኤትሊን ላይ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ሰንሰለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፣ ለምላሽ የሚሆን እጅ የለውም። ገንዘቡ በከንቱ ይወጣል፣ እባክህ ፈጭ ቤት አትግዛ።

ቀለም ነጋዴ

እሺ፣ ጠበብቶቹ ናቸው የሚያውቁት። ናይለን ነበር፣ አዎ፣ የመኪና ዕቃ። ታዲያ ለፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፕሊን ምን አለ?

ሰንሰለት

የሚያስፈልገው ሁለት ወገን ያለው ሰንሰለት ነው። ከፊሉ ፖሊኤትሊን፣ ከፊሉ ፖሊፕሮፕሊን፣ በአንድ ሞለኪውል። እንዲህ ያለ ሰንሰለት ድንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ወገን በዚህ ጠብታ ውስጥ ሌላው ወገን በውጭው ውስጥ ገብቶ ይጠላለፋል። በርጩማው ንብርብር ሆኖ የሚላጠው ድንበሩ ላይ መጠላለፍ ስለሌለ ነው። ሁለት የማይስማሙ ፖሊመሮች ድንበራቸው ላይ የሚደባለቁበት ውፍረት በጣም ቀጭን ነው፤ ሰንሰለቶቹ ተሻግረው ለመተብተብ አይበቃቸውም። ስንጥቅ ሲነሣ ታዲያ በቀላሉ በዚያው መንገድ ይሄዳል።

በ2017 የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ጄፍሪ ኮትስና ያው ፍራንክ ቤትስ ያሉበት ቡድን፣ ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፕሊን አራት ብሎክ (ረጅም ክፍል) ሆነው የተፈራረቁበት ሰንሰለት ሠርተው ወደ ድብልቁ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ጨመሩ። ሲጎተት ወዲያው ይበጠስ የነበረው ድብልቅ እንደ ንጹሕ ፖሊመር ተለጠጠ። ይህ እንግዲህ ቤተ ሙከራ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው የኤትሊንና የፕሮፕሊን ላስቲክ፣ ወይም ኤትሊን ከሌላ ጋር በአንድ ሰንሰለት የተሠራበት ኤላስቶመር (እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ፕላስቲክ) ነው። እነሱም ድንበሩ ላይ ሄደው ይቀመጣሉ፣ ግን ከ1 በመቶ የበለጠ ይፈልጋሉ፣ ዕቃውንም ትንሽ ያለሰልሱታል። ለበርጩማ እግር መለስለሱን ልብ በል።

ሦስተኛ ዓመት ባዮ

በመካከል ገብቼ ይቅርታ፣ እኔ ባዮሎጂ ነኝ። ሴል ውስጥ ሽፋን የሌላቸው ጠብታዎች አሉ ተብለን ተምረናል፣ ፕሮቲንና አርኤንኤ ተሰብስበው የሚፈጥሩት። ይሄ እና የእናንተ ጄሪካን አንድ ነገር ነው?

መምህር በጡረታ

ልጄ፣ መነሻው አንድ ነው። ፕሮቲንና አርኤንኤ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው፣ ውሃ ውስጥ ሆነው። በ2009 ብራንግዊንና ሃይማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በትንሽ ትል ፅንስ ውስጥ ፒ ግራኑል የሚባሉት ጠብታዎች እንደ ፈሳሽ ሲዋሃዱና ሲንጠባጠቡ አሳይተዋል፣ ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ፈነዳ። የእናንተ ግን ይወሳሰባል፤ ኤሌክትሪክ ቻርጅ አለ፣ ጨው አለ፣ የተወሰነ ቦታ ላይ ብቻ የሚጣበቁ ቁራጮች አሉ። በመሳሳብ ተሰብስበው የሚለዩ ናቸው፣ የፈጭ ቤት ደግሞ ባለመስማማት የሚለዩ።

ውሃ ውስጥ ባለመስማማት የሚለዩም አሉ። ሆላንዳዊው ቤይሪንክ ገና በ1896 ጄላቲንና የሟሟ ስታርች ውሃ ውስጥ ሆነው ሲለያዩ አይቷል። በ1950ዎቹ ደግሞ ስዊድናዊው ፐር-ኦኬ አልበርትሶን በፖሊኤትሊን ግላይኮልና በዴክስትራን ተጠቅሞ ሁለት ውሃ የሆኑ ንብርብሮች ሠርቶ ፕሮቲንና የሴል ክፍሎች ለየበት። ላዩም ታቹም ውሃ ነው፣ ግን አይቀላቀሉም። አንብቢው፣ ትወጂዋለሽ።

ፈጭ ቤት (ክሩን የከፈተው)

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁም። ጋሼ መምህር፣ እርስዎንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ሥራዬ ልመልሳችሁ። ሁለቱም ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፉ ከተፈጨ በኋላ እንዴት ልለያቸው? የሃይላንድ ክዳንም ይመጣልኛል፣ እሱስ ከየትኛው ነው? ደግሞ ትንሽ ወንበር ጄሪካኑ ውስጥ ብትገባ ያው ጥፋት ነው ወይስ ትችላለች?

ከአኽን

አንድ በአንድ።

ከመፈጨቱ በፊት ለይ። ከተፈጨ በኋላ ያለው መለየት ሁሉ ይወደድብሃል። የሃይላንድ ጠርሙስ ራሱ ፔት የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው፣ ጥግግቱ 1.38 ገደማ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ እሱን በውሃ ገንዳ ታወጣዋለህ። ክዳኑ ግን እንደ ፋብሪካው ፖሊኤትሊንም ፖሊፕሮፕሊንም ሊሆን ይችላል፣ ውስጡን ገልብጠህ ቁጥር ካለው እይ። ቁጥር ከሌለው ክዳኑን ለብቻ አከማች፣ ከጄሪካን ጋር አትደባልቀው።

ያልታወቀ ቁራጭ ለመለየት ውሃና አልኮል ቀላቅል። ፖሊፕሮፕሊን 0.90 ገደማ ነው፣ የጄሪካኑ ፖሊኤትሊን 0.95 ገደማ። ፈሳሹን 0.93 ላይ ካደረስከው ወንበሩ ይንሳፈፋል፣ ጄሪካኑ ይሰምጣል። የታወቀ የጄሪካንና የታወቀ የወንበር ቁራጭ ጨምረህ አልኮሉን ቀስ እያልክ አስተካክለው፣ አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ሲንሳፈፍ ደርሰሃል። ይህ ለናሙና እንጂ ለጆንያ አይሆንም፣ አልኮሉ ውድ ነው፣ እሳትም አታስጠጋው። ቀለምና ማዕድን በብዛት የተጨመረበት ወንበርም ሊያታልልህ ይችላል፣ ማዕድኑ ስለሚያከብደው።

ትንሽ ብትገባስ ላልከው፣ ጥቂት በመቶ ከሆነች ጠብታዎቹ ትንንሽና የተራራቁ ስለሚሆኑ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ይችላታል። የሚከፋው እኩል በእኩል አካባቢ ነው፤ ሁለቱም ረጅምና የተያያዘ አካል ስለሚሠሩ ደካማው ድንበር በየቦታው ይዘረጋል፣ ፎርማው ውስጥ ሲፈስ ደግሞ ይለጠጥና ያ የምትልጠው ንብርብር ይሆናል።

የኮምቦልቻ ልጅ

አንድ ልጨምር፣ ይሄ ከሥራ የማውቀው ነው። የጄሪካን ፕላስቲክ በመንፋት ለሚሠራ ዕቃ የተሠራ ስለሆነ ሲቀልጥ በጣም ወፍራም ነው፣ በግድ ነው የሚፈሰው። የወንበሩ ለኢንጀክሽን ስለሆነ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል። ሁለቱን ስታስገባ ቀጭኑ ወደ ፎርማው ግድግዳ ይሄዳል፣ ወፍራሙ ሳይበተን በጎርባጣው ይቀራል። ኬሚስትሪው ቢስማማ እንኳ ይሄ ብቻውን ያበላሽሃል።

ከአኽን

ትክክል። ውፍረታቸው ሲቀራረብ ጠብታው በደንብ ይሰባበራል፣ ሲራራቅ አይሰበርም። ከጄሪካን ይልቅ የለስላሳና የቢራ ሳጥን ብታገኝ እሱም ፖሊኤትሊን ነው፣ ግን ለኢንጀክሽን የተሠራ ስለሆነ ለማሽንህ ይስማማል።

ፈጭ ቤት (ክሩን የከፈተው)

ሳጥን የሚሸጥልን ሰው አለ፣ ከዚህ በፊት ዋጋው ስለሚበልጥ ትተነው ነበር። ከነገ ጀምሮ ልጆቹ ሦስት ክምር ያደርጋሉ፦ 2 ቁጥር፣ 5 ቁጥር፣ ያልታወቀ። ላስቲኩን ለመሞከር ከስንት በመቶ ልጀምር? በርጩማው ላይ ሳይሆን ሳፋው ላይ ነው የማስበው።

ሰንሰለት

ለሳፋ ጥሩ ነው፣ መለስለሱ አይጎዳውም። ከ5 በመቶ ጀምር፣ ከዚያ 10 ሞክር፣ ያለ ላስቲክ የተሠራውንም ጎን ለጎን አስቀምጥ። ከእያንዳንዱ እኩል ስፋትና ውፍረት ያለው ቁራጭ ቁረጥ፣ ጠርዙን በቢላ ትንሽ ጫር አድርገው፣ በተጫረው በኩል እጠፈው። ቀጥ ብሎ ከተሰበረና ከተላጠ አልሠራም። እጥፋቱ ላይ ነጭ ሆኖ ሳይበጠስ ከተለጠጠ ላስቲኩ ድንበሩ ላይ ደርሷል። በዚያው ቀን ብቻ አትፍረድ፣ ፖሊፕሮፕሊን ከወጣ በኋላም ለጥቂት ቀናት እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከሳምንት በኋላ ደግመህ እጠፈውና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን።